አሥራ አንዱ የዘለሉ ዕለት

ጭልፊት ሊቀመንበሩን ስንት ጊዜ እንደገደለችው ብትጠየቅ ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሯን ትስባለች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትጭናለች፣ ጠመንጃዋን ታነግትና የከተማውን ውሃና መብራት፣ አየሩን ሳይቀር ጠቅልሎ የያዘውን ክፉ ኩባንያ ልትወጋ ከእምቢ ባዮቹ ጋር ትሰለፋለች። ዘበኞቹን ትረፈርፋለች፤ ግንቡን ታጋያለች፤ ሊቀመንበሩን ከሠላሳኛው ፎቅ ቁልቁል ትወረውረዋለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳቦዋን ትገምጣለች። ከምሳ በኋላ ሊቀመንበሩ ሱፉን አስተካክሎ እዚያው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«እምቢ» የተባለው ይህ የቪዲዮ ጌም ገና ለገበያ አልወጣም። ጭልፊትና አሥር ባልደረቦቿ ሞካሪዎቹ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሥራቸውን የሰማ ሁሉ «እናንተማ ታድላችሁ፣ ሲጫወቱ መዋል!» ይላቸዋል። አንድን በር አራት መቶ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ጨዋታ ከሆነ በረኛ ሁሉ ታድሏል ማለት ነው። የሞካሪ ሥራ እንከን መልቀም ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ክንድ፣ ሞቶ የሚያወራ ወታደር፣ ወደ ሰማይ የሚፈስ ውሃ። በዚህ ረገድ ልጅቷን የሚስተካከላት አልነበረም። «ጭልፊት» ያሏትም ለዚሁ ነው፤ ዓይኗ ላይ ወድቆ የተረፈ እንከን የለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። በእያንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባት አንዲት ቁልፍ አለች። ሞካሪው እንከን አይቶ ሲጫናት ኮምፒውተሩ ያለፉትን አሥር ደቂቃዎች፣ ምስሉንም የሰዉንም ድምፅ፣ ጠቅልሎ ላይኛው ፎቅ ላሉት መሐንዲሶች ይልካል። ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል። ካልተጫነች ግን ምንም ነገር አይቀመጥም፤ የተባለውም የተደረገውም እዚያው ሟሙቶ ይቀራል።

ቀዩን ቁልፍ አጫጫን ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። ክፍሉ በሙሉ «እትዬ» ይላታል፤ የሁሉም አሠልጣኝ እሷ ስለነበረች ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡት እንኳ «እትዬ» ነው የሚሏት። እናታቸው ካረፉ በኋላ ጭልፊትን አጥባ፣ አበጥራ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እዚህ ሥራ ያስገባቻትም እሷው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስክሪብቶ ይዛ ከወንበሯ ጀርባ ትቆም ነበር። ጭልፊት እንከን አይታ ጥቂት ካመነታች፣ ጠብ! አንጓዋ ላይ በእስክሪብቶው።

«ዓይንሽ ሲያይ ጣትሽ ይጫን» ትላታለች። «ጭንቅላትሽን መሃል አታስገቢው። እሱ እስኪመጣ እንከኑ ሄዷል።»

እንዲህ እየተባለ ስድስት ዓመት አለፈ። የጭልፊት ጣት ጭንቅላቷን መጠበቅ ከተወ ቆየ። ቤቷ ቴሌቪዥን ስታይ እንኳ የተሰበረ ምስል ካለፈ ጣቷ ጉልበቷን ይጫናል።

የእትዬ ጣት ግን እየከዳት ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ ካበጠ ዓመት ሆኖታል፤ በረጅም እጅጌ ሸፍና፣ በፋሻ ጠፍራ ትሠራለች። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች ጣቶቿ ከነአካቴው መታጠፍ ያቆማሉ። ለድርጅቱ ልትናገር አትችልም። ከእሷ በፊት «መምህሩ» የሚሉት ሞካሪ አፍ አውጥቶ «እጄን አመመኝ» ባለ በሳምንቱ ውሉ አልታደሰም፤ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። የሁሉም ውል ደግሞ ጌሙ ገበያ በወጣ ማግስት ያበቃል። ሌት ተቀን የጠገኑት ጌም ሲወጣ እነሱም ይወጣሉ፤ እሱ ወደ ገበያ፣ እነሱ ወደ ጎዳና።

እትዬ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፈች። ሁለት ነገር ብቻ ይላል፤ ውላችን ይቀጥል፣ በዚህ ሥራ እጁ የታመመ ይታከም። ወረቀቱ የሚሰጥበትንም ቀን መረጠች። ሐሙስ ዕለት ጋዜጠኞችና የድርጅቱ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ሞካሪዎቹ በፊታቸው «እምቢ»ን ሲጫወቱ ያያሉ። ካሜራው ሁሉ ሲደረደር አሥራ አንዱም እጃቸውን ከኪቦርድ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ እትዬ ወረቀቱን ትሰጣለች። ያን ቀን ማንም በነሱ ቦታ ሰው መተካት አይችልም። ሌላ ቀን ግን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ እስከ ሐሙስ ትንፍሽ እንዳይባል ተማማሉ።

መማከሩ ነው ጭንቁ። ሞባይል በር ላይ ተሰብስቦ ይቆለፍበታል፤ የጌሙ ምሥጢር እንዳይወጣ ነው አሉ። ኮሪደር ላይ ከሦስት በላይ ሆኖ መቆም ክልክል ነው። ማታ ሰርቪስ ሁሉንም በየአቅጣጫው ይዟቸው ይበራል። አሥራ አንድ ሰው አንድ ላይ የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጌሙ ውስጥ ያለው የእምቢ ባዮቹ ምድር ቤት። እናም በምሳ ሰዓት ዳቧቸውን ኪቦርዳቸው አጠገብ አስቀምጠው እዚያ ይገናኙ ጀመር። በበርሜልና በፈንጂ መሃል ጠመንጃቸውን አንግተው ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ በማዳመጫው በኩል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ አሻግሮ ያያቸውና ደስ ይለዋል።

«ምሳ እንኳ የማያስቆማቸው!» ይላል።

ሥራ አስኪያጁን «ጥርሱ» ነው የሚሉት። ሲሾምም ሲያባርርም ጥርሱ አይከደንም። መምህሩን ያሰናበተው እየሳቀ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ነበር፤ ምስኪኑ ሰውዬ እስከ ደረጃው ድረስ የተሾመ መስሎት ነው የሄደው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ ሆነ። እትዬ ወረቀቱን ከእጅጌዋ ውስጥ አውጥታ ዳቧ ላይ ዘርግታ አነበበችላቸው።

«እንግዲህ ሐሙስ ወደ ኋላ የሚል ካለ ዛሬ ይናገር፤ አልቀየመውም» አለች። «የተስማማ ደግሞ ያሳየኝ።»

«በምን እናሳይ?» አሉ ሻምበል። በእውነተኛ ጦር ሜዳ ሁለት ዓመት ቆይተው ሳይቧጨሩ የተመለሱ ሰው ናቸው፤ እዚህ በቀን አርባ ጊዜ ይሞታሉ። «ይሄ ጉደኛ ወታደር እንደሆነ እጅ ማውጣት አያውቅም። መተኮስ፣ መሮጥና መዝለል ነው የተማረው።»

«ተኩሱማ ጉድ ያፈላል» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

«እሺ፣ የተስማማ ይዝለል!» አለች እትዬ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

አሥራ አንድ የታጠቁ ሽፍቶች እንደ ሠርግ ቤት ልጆች ባንዴ ወደ ላይ ተነሡ። ማንም አልቀረም። ጭልፊት ያን ጊዜ ደረቷ ሞላ፣ እውነቱን ለመናገር እንባዋም መጣ። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ አንድም ሰው መሬት ላይ አልቀረም።

ማንም ግን አልወረደም። ሻምበል ጭንቅላታቸው ኮርኒሱን በስቶ ገባና እዚያው ተሰክተው ቀሩ። የሌሎቹ እግር አየር ላይ ተንጠለጠለ። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ደረቀ። ሰባት ወር ሙሉ ላይኛው ፎቅ እንቅልፍ ያጣበት፣ ጌሙን በድንገት የሚያደርቀው፣ ማንም መነሻውን ሊያገኘው ያልቻለ እንከን ይሄው ነበር። አሥራ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሲዘል ብቻ ነው የሚመጣው። አሥራ አንድ ሰው ሆን ብሎ ባንድ ጊዜ ዘሎ ስለማያውቅ፣ በውጊያ መሃል በአጋጣሚ ሲገጥምም ማንም ልብ ስለማይለው፣ መነሻው ተገኝቶ አያውቅም።

የጭልፊት ዓይን አየ። ጣቷ ተጫነ።

በደረቀው ስክሪን ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለች፤ «ተልኳል። እናመሰግናለን።»

አሥር ደቂቃ። ወረቀቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የእትዬ ድምፅ፣ ሐሙስ የሚለው ቃል፣ የሁሉም ሳቅ። የተላከ አይመለስም፤ እሱንም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በግራም በቀኝም መከለያ ስላለ ጣቷን ያየ የለም። ኮምፒውተሮቹ ተነሥተው ሁሉም ወደ ምድር ቤቱ እስኪመለሱ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስድስት ዓመት ሙሉ መሃል እንዳይገባ የተከለከለው ጭንቅላቷ አሁን መጣ፤ እንዳይመጣ ሲባል ኖሮ አሁን ቢመጣ ምን ይረባል? መሐንዲሶቹ ብዙ ጊዜ ድምፁን ዘግተው ምስሉን ብቻ ነው የሚያዩት አለች በሆዷ። ጥርሱ ደግሞ የሚላክለትን ሁሉ የት ያየዋል፤ በቀን መቶ ይላክለታል። ምናልባት ማንም አይሰማው።

«ሻምበል፣ ከኮርኒሱ ወረዱ?» የእትዬ ድምፅ እየሳቀ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቆም አለ። «ቆይ። ማንም ቀዩን አልነካም አይደል?»

«ኧረ አልነካሁም» አሉ ሻምበል። «አልነካሁም» አለ ቀጣዩ። ክቡን ዞሮ፣ አንድ በአንድ፣ ጭልፊት ጋ ደረሰ።

ያቺ ቅጽበት እንደ ጣት አልነበረችም። ለማሰብ ጊዜ ነበራት። እናገራለሁ ብላ አፏን ከፈተች። ያሳደገቻት እህቷ ምን ትላታለች? አሥሩ ሰው ምን ይላታል? ጭልፊት፣ ዓይኗ አያመልጠውም የተባለችው፣ እንዲህ ያለ ቂል ሥራ ሠራች ሊባል ነው?

«አልነካሁም» አለች።

«ጎሽ። እንግዲህ ሐሙስ» አለች እትዬ።

ከሰዓቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና አምላኳ ናቸው የሚያውቁት። ሊቀመንበሩን አራት ጊዜ ገደለችው። በመስታወቱ በኩል ጥርሱን ታያለች፤ ማዳመጫ አድርጎ ተቀምጧል። ማዳመጫ ማድረጉ ምንም ማለት አይደለም፤ ዘፈንም ይሆናል እያለች ራሷን ሸነገለች። አሥር ሰዓት ላይ መጋረጃውን ጋረደ። ያኔ እንኳ ብትነሣ፣ ወደ እትዬ ወንበር አሥር እርምጃ ብትራመድ ይበቃ ነበር። ሰርቪሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እትዬ ትከሻዋ ላይ ጋደም ብላ እጇን ጭኗ ላይ እንደታመመ ሕፃን አቅፋ አንቀላፋች። ጭልፊት አልቀሰቀሰቻትም። «ደክሟታል፣ ትተኛ» አለች። ለእህቷ ያዘነች መስሏት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በዋናው በር የሚዞረው ብረት ላይ ካርዷን አስነካች። አረንጓዴ በራ፤ ገባች። ከኋላዋ እትዬ አስነካች። ቀይ።

«ደግመሽ ሞክሪያት፣ ጥረጊያት» አለች ጭልፊት፤ ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

ቀይ። ሻምበል ሞከሩ፤ ቀይ። ከየሰርቪሱ የወረዱት ሁሉ ተራ በተራ አስነኩ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ ከጠረጴዛው ሥር አሥር ካርቶን አወጣ። የየሰዉ ኩባያ፣ ሹራብ፣ የወንበር ትራስ ተጠቅልሎ ገብቶበታል። አሥር ነው፤ አሥራ አንደኛ የለውም። አሥሩ ሰው መጀመሪያ ካርቶኖቹን አዩ፣ ቀጥለው ከብረቱ ወዲያ ማዶ ብቻዋን የቆመችውን አዩ። ማንም አልሰደባትም። ሻምበል ብቻ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ያለ ፈገግታ፣ ለአለቃ እንደሚደረገው ጎንበስ አሉላት። እትዬ ዓይኗን አልነቀለችም። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ የሆነ ነገር በልቧ እያሰላች ያለች ትመስል ነበር። ከዚያ ካርቶኗን በግራ እጇ ብቻ ለማንሣት ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ሻምበል ያዙላት።

ጥርሱ ቢሮው በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ተቀበላት።

«ግቢ፣ ግቢ! እኔ ሁልጊዜም እላለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ታማኝ የለም።»

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» አለች። «እኔ ያንን ብዬ አይደለም። ያየሁት እንከኑን ነው። ጣቴ ነው።»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» አለና ዓይኑን ጠቀሳት። «እንዲህ ማለቱ ይሻልሻል። እህትሽም ናት፣ አይፈረድብሽም። ለማንም አንነግርም።» ቀጥሎም መሐንዲሶቹ በደስታ ሊያብዱ እንደደረሱ ነገራት። እንከኑ ባንድ ቀን ታርሟል፤ ከእንግዲህ ምድር ቤቱ ውስጥ ከስድስት ሰው በላይ አብሮ መዝለል አይችልም፤ ሰባተኛው ቁልፉን ቢጫን እግሩ አይነሣም። «ትንሽ ነገር ናት፤ ተጫዋቹ ልብ እንኳ አይላትም» አለ። አዳዲሶቹ አሥር ሞካሪዎች ከሰዓት ይመጣሉ፤ የእትዬን ቦታ እሷ እንድትይዝ ወስኗል።

እምቢ ማለት ነበረባት። ቃሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ ጡንቻማ ሽፍታ ተሥሎበት፣ ፊት ለፊቷ ተሰቅሏል። «ለእትዬ እጅ እሆናታለሁ፤ እኔም ከወጣሁ ማን ያሳክማታል?» አለች በልቧ፤ እውነትም ነበረው። እሺ አለች። ሐሙስ ጋዜጠኞቹ ሲመጡ አዲሶቹ «እምቢ»ን ተጫወቱ፤ እጁን ከኪቦርድ ላይ ያነሣ አልነበረም።

እሑድ ዕለት እትዬ ቤት ሄደች። በሩን ራሷ ከፈተችላት። እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከእንግዲህ የምትደብቀው ሰው የለም። ግቢም ውጪም አላለቻትም፤ ጭልፊት ገብታ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አልሸጥኳችሁም» አለች። «በእናታችን አፈር ይሁንብኝ፣ እትዬ። ጣቴ ነው። አየሁና ተጫነ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት እሱን ነበር። አሥሩም ሸጠችን አሉ። እኔ ግን ያን እንከን እንዳየሁት እኔም ጣቴ ተነሥቶ ነበር፤ ስላበጠ ነው ያልደረሰልኝ።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። «ደህና ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጫነው። ጣትሽን ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ በሱ አልቀየምሽም።»

ጭልፊት መሬት ላይ ወርዳ የእህቷን ጉልበት ልታቅፍ ሄደች። እትዬ በደህናው እጇ ትከሻዋን ይዛ ባለችበት አቆመቻት።

«ጠየቅኳችሁ እኮ» አለች። «አንድ በአንድ ጠየቅኳችሁ። ነክቻለሁ ብትይ ያንኑ ደቂቃ ከወንበራችን ተነሥተን ወረቀቱን እንሰጠው ነበር። ማክሰኞም ቢሆን አሥራ አንድ ነበርን። ምን ያደርገን ነበር? ሁላችንም ከወጣን እስከ ሐሙስ አዲሶችን ማን ያሠለጥንለት ነበር?» ድምጿ ተሰበረ፤ አቃናችው። «ሰርቪሱ ውስጥ ትከሻሽ ላይ ተኝቼ ነበር። ጣቱስ የኔ ትምህርት ነው። ‹አልነካሁም› ማለትን ማን አስተማረሽ?»

ጭልፊት ስለ ሕክምናው ልትናገር የመጣችውን ጀመረች፤ «እኔ ደርሼ፣ እኔ ይዤሽ ሄጄ» ስትል እትዬ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት።

ሰኞ አሥሩ አዲሶች እንከን ለቀማውን ሊማሩ ተደርድረው ተቀመጡ። ወንበሮቹ የእነማን እንደነበሩ አያውቁም፤ አንደኛው ዛሬም የሻምበልን ወንበር ከፍታ ሊያስተካክል ይታገላል። ጭልፊት ከኋላቸው ቆመች። እስክሪብቶው የእትዬ ነው፤ ካርቶኑን የሞሉት ሰዎች መሳቢያው ውስጥ ረስተውት ነበር። በእትዬ ቦታ የተቀመጠችው ወጣት ስክሪኗ ላይ አንድ ዘበኛ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ አየች፣ ግራ ገባት፣ ወደ ኋላ ዞረች።

ጭልፊት አንጓዋን ጠብ አደረገችላት።

«ዓይንሽ ሲያይ ጣትሽ ይጫን። ጭንቅላትሽን መሃል አታስገቢው።»

ልጅቷ ተጫነች። አረንጓዴዋ ጽሑፍ ብቅ አለች። «እሺ» አለች፤ «ከተጫንኩ በኋላስ? ለሌሎቹ መናገር አለብኝ?»

ጭልፊት ቀና አለች። ከመስታወቱ ማዶ ጥርሱ አውራ ጣቱን እያሳያት ይስቃል።

«አይ» አለች። «ሥራሽን ትቀጥያለሽ።»